መቶ ዘጠና ሰባት ዓይነት ስፌት

መስከረም 12

የዚህ ደብተር የፊተኞቹ ገጾች የሰፈራችንን ሴቶች ወገብ ይዘዋል። የማን ስንት ሴንቲ እንደሆነ፣ አምና ስንት እንደነበረ፣ ሁሉም አለ። ከኋላ በኩል ገልብጬ የራሴን ጉዳይ መጻፍ ጀመርኩ። የፊቱም ሆነ የኋላው ሰው እጅ ቢገባ ከከተማችን ከኮካንድ መሰደዴ ነው።

ዛሬ የልጄ የሻህሎ የጋብቻ ነገር አለቀ። የልጁ ቤተሰቦች መጡ፣ የእጮኝነቱ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሠርጉ ጥጥ ተለቅሞ ሲያበቃ ኅዳር ውስጥ ይሁን ተባለ። ልጁ ዛፋር ይባላል፤ የመብራት ሠራተኛ ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ወድጄዋለሁ። እናቱ ማስቱራ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ ጡረታ ብትወጣም ሻይ ስትጠጣ እንኳ ነጥብ የምትሰጥ ነው የሚመስለው። የታላቅ ልጇን ሚስት ሙኒራንም የወሰደችው ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ነው። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን ደብተሬ ነው።

ስትወጣ በር ላይ እጄን ያዘችና፣ "እኛ ምንም አንፈልግም፣ ሮቢያ ኦፓ፣ እህቴ። ልጅቷን ብቻ ይስጡን" አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት በሰፈሩ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ "ምንም" ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ምንም ማለት በጥጥ ተሞልቶ ቬልቬት የለበሰ አርባ ኩርፓቻ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት፣ የሚተኛበት፣ በሣጥን ላይ እስከ ጣሪያ የሚደረደር። ምንም ማለት ማቀዝቀዣ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምንም ማለት ከቁልሉ አጠገብ በጉልህ የሚቀመጥ የስፌት መኪና ነው።

"ኦዪ፣ እናቴ፣ እኔ እኮ ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም" አለች ሻህሎ። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ኪኒን ስትቆጥር ጣቷ አይታይም፣ መርፌ ስትይዝ ግን ታለቅሳለች።

"ማን ስፊ አለሽ? መኪናው ለመታየት ነው።"

"ታዲያ ካርቶኑን ብቻ ለምን አንገዛም?"

አባቷን ናት፤ እሱም እንዲህ ነበር የሚመልስልኝ።

መስከረም 15

ዙምራድ ኦፓ መጣች። በጓሮ በር፣ እንደ ወትሮዋ፣ ጥቅል በብብቷ ይዛ።

ዙምራድ ኦፓ የሰፈራችን ቤቷ የሞላላት ሴት ናት። ባሏ በሕይወት አለ፣ አምስት ልጆቿ አሉ፣ አንዳቸውም አልፈቱም፣ ጥርሷ እንኳ አንድ አልጎደለም። የጫጉላ ብርድ ልብስ ላይ መርፌ የምትሰድደው እንዲህ ያለች ሴት ናት። ባል የሞተባት ወይም የፈታች እጇን አታስገባም፣ ዕድሏ ወደ ሙሽራዋ እንዳይዞር። ስለዚህ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ሴቶቹ ተሰብስበው ዙምራድን መሐል ያስቀምጧታል። እሷም ሁለት መስመር ትሰፋና "የቀረውን ቤቴ ሆኜ በጸጥታ ልጨርሰው" ብላ ይዛው ትሄዳለች።

ችግሩ ዙምራድ መስፋት አትችልም። አላህ ሁሉን ሰጥቷት ይህችን ብቻ ነፈጋት። ስፌቷ ዶሮ የሄደችበት ጭቃ ነው።

"እስቲ ትንሽ አስተካክይልኝ፣ ሮቢያዬ" ትለኛለች።

አስተካክላለሁ። ማስተካከል ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተርትሬ፣ ባዘቶውን እኩል አድርጌ፣ እንደገና መስፋት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ነገር ነው። የሰፋችው እሷ ናት፤ እኔ አስተካከልኩ እንጂ አልሰፋሁም።

ስትወጣ፣ "ለሻህሎ ምን መኪና ልትገዢላት ነው? የእኔዋ ስታገባ መቶ ሃያ ዓይነት ስፌት ያለው ነው የገዛንላት" አለችኝ።

"ትሰፋበታለች?"

"ምን ልትሰፋ! ዳንቴል አልብሳ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ያምራል።"

መቶ ሃያ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲያቃጭል ዋለ።

መስከረም 20

ገበያ። የራህማቲላ ሱቅ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ፣ እግሬ አበጠ።

ሁለት መኪና አሳየኝ። አንዷ ሆሺዳ ትባላለች። የጃፓን ናት ይላል፤ ከጀርባዋ የተጻፈውን የሌላ አገር ስም በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ነው የሚያሳየው። መስታወት የመሰለ ገጽ አላት፣ መቶ ዘጠና ሰባት ዓይነት ስፌት ትሰፋለች፣ አበባ ትሠራለች፣ ዳክዬ ትሠራለች፣ የሰው ስም ትጽፋለች። ሌላዋ ብሩንማን ናት፤ በእግር የምትረገጥ፣ ሃያ ሦስት ዓይነት ስፌት ብቻ ያላት፣ ክብደቷ የድግስ በግ።

"ኦፓ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይቺ ብሩንማን ጂንስ ትሰፋለች። ምን ጂንስ፣ ሳንቃ ብታስገቢላት ትሰፋለች!"

"ሆሺዳስ?"

"ሆሺዳ እመቤት ናት። እግር አትፈልግ፣ ጉልበት አትፈልግ። ይህችን ቁልፍ አንዴ ጫን ታደርጊና ሻይሽን ትጠጫለሽ። ራሷ ትሰፋለች።"

"እና የሚሰፋው ማነው?"

"ማንም! ራሷ አልኩሽ እኮ።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ጆሮዬ የሚሰማ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስላል ጮክ ብሎ መለሰልኝ። ቀጥዬ ደግሞ ጥጥ የገባበት ወፍራም ብርድ ልብስ ትሰፋ እንደሆነ ጠየቅሁት። ለወሬ ያህል ነው የጠየቅሁት። "ኢንሻአላህ" አለኝ። ነጋዴ ኢንሻአላህ ካለ ነገሩ አጠራጣሪ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አላስተዋልኩትም።

መስከረም 24

የዙምራድን ጥቅል መለስኩ። ጥጡ መጣ፣ ስድስት ጆንያ። ዝናብ። ሻህሎ ከስታለች። አለማስታወስ ይሻላል እንጂ እኔም ለሠርጌ እንዲሁ ከስቼ ነበር።

መስከረም 27

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ሆሺዳ የሚሉና ብሩንማን የሚሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ለዙምራድ ብቻ ነው የነገርኩት።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ብሩንማን ናት። አጎቷ ወታደር ሆኖ ጀርመን ኖሯል፤ እዚያ ውሻ እንኳ መንገድ የሚሻገረው ቀጥ ብሎ ነው ብሏታል። ማዶ ያለችው አስተማሪ ሆሺዳ ናት፤ ምክንያቷን ስጠይቃት "ስሟ ይጥማል" አለች። ሁለቱ በውኃው ቧንቧ ላይ ተጣልተው አሁን አይነጋገሩም። አንዳቸውም ቤት መኪና የለም፤ የሁለቱንም ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ፣ በእናቴ ጥቁር መኪና። በእጅ የምትዞር ናት። የወርቅ ጽሑፏ ተፍቆ አልቋል፣ ስሟን እንኳ የሚያውቅ የለም። ከእናቴ ጥሎሽ ወደ እኔ ጥሎሽ የመጣች ናት። ጥግ ላይ በሻርፕ ሸፍኛታለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ታሳፍራለች።

መስከረም 29

የባሌ የአንቫር ሙት ዓመት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት። ሐብሐብ ጭኖ ሲመለስ የጭነት መኪናው ከተራራው መንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ሐብሐቡን ሰዎች እስከ ማግስቱ ሲለቅሙ ነበር ተባለ። ይህን የነገረኝ ሰው ለምን እንደነገረኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስለሱ ሳይሆን ስለ ሻዩ ነበር መጻፍ የፈለግሁት። ካረፈ በሰባተኛው ወር የጎረቤት ልጅ ስታገባ ብርድ ልብስ ሊሰፋ ተጠራን። እንደ ሁልጊዜዬ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ መሐል ተቀመጥኩና መርፌዬን አወጣሁ። አንዷ (ስሟን አልጽፍም፣ ሞታለች) መርፌውን ከጣቶቼ መሐል ቀስ አድርጋ መዘዘችና በቦታው የሻይ ስኒ አኖረችልኝ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሻዩ ጥሩ ነበር፣ ስኳርም አብዝተውበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየድግሱ ሻይ ቀጂዋ እኔ ነኝ።

ተሳስተዋል አልልም። እኔም አምናለሁ፣ ወይም ላለማመን ድፍረቱ የለኝም። ልጄ ላይ አንድ ነገር ቢደርስና እጄ ኖሮበት ቢሆን የት እገባለሁ? ልስፋላት እያልኩ አይደለም። መኪና ነው እያወዳደርኩ ያለሁት። እናት ለልጇ መኪና ብታወዳድር ምን ነውር አለው?

ጥቅምት 3

ኦቲን-ኦዪ ዘንድ ሄድኩ። ለሰፈሩ ሴቶች ቁርኣን የሚያስቀሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ለራሴ እንዳልሆነ፣ ሌላ ሰፈር ላለች ደንበኛዬ እንደሆነ አስቀድሜ ነገርኳቸው።

"ባል የሞተባት ሴት በእጅ በሚዞር መኪና ብትሰፋ፣ የእጇ ስፌት ነው ይባላል?"

"በእጇ ካዞረችው የማን ሊባል ነው?"

"በእግር በሚረገጥስ?"

"እግሩ የማን ነው?"

"የሷ።"

"እንግዲያ።"

"አንድ ቁልፍ ብቻ ነክታ መኪናው ራሱ ቢሰፋስ? አንዴ ብቻ ነው የሚነካው፣ በአንድ ጣት።"

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ። "መኪናው ባል አለው?" አሉኝ።

ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ስሚ ልጄ፣ እኔ ባነበብኩት መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ የመርፌ ነገር የተጻፈ የለም። ይሄ የአያቶቻችሁ መጽሐፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንበብ አልተማርኩም።"

"ለሴቶቹ ይህንን ቢነግሯቸው ምናለ፣ ኦቲን-ኦዪ?"

"ልንገራቸውና ድግስ መጥራት ይተዉኝ? የድግሱን ሾርባ ያን ያህል አልጠላሁትም" አሉና ሮማን አስይዘው ሸኙኝ። በር ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ደንበኛሽን ሰላም በያት። ስፌቷ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉኝ።

ጥቅምት 9

ሆሺዳን ገዛሁ። የጆሮ ጉትቻዬ ነበር፣ የለም፤ ስለሱ አልጽፍም።

ሻህሎ ጆሮዬን አየች፣ ከዚያ ካርቶኑን አየች።

"ለማን ነው የገዛሽው፣ ኦዪ?"

"ላንቺ ነዋ!"

"በእኔ ሞት?"

"ላንቺ አልኩሽ! መቶ ዘጠና ሰባት ዓይነት ስፌት አላት። የዙምራድ ልጅ መቶ ሃያ ነው።"

"እኔ ዜሮ ዓይነት ነው የምችለው። መቶ ዘጠና ሰባቱን ማን ይስፋው?"

ካርቶኑን ገፋ አደረግሁላት። እሷም ፈታ አወጣችልኝ፣ ጽሑፉን አነበበችልኝ፣ ክሩን አሳየችኝ። ቁልፉን ጫን አደረግሁ። ሄደች! እጅ እንደሰጠ ወታደር እጄን ወደ ላይ አንስቼ ቆምኩ፣ ሻህሎ ሳቀችብኝ። ጨርቁ ራሱ ይሄዳል፣ ማንም አልነካውም። እንባዬ መጣ፤ ከዘይቱ ሽታ ይሆናል።

ቁጥር ሰማንያ አራት ዳክዬ ነው። አራት የትራስ ልብስ፣ ሁለት መሐረብና የራሴ ሽርጥ ዳክዬ ሆነዋል።

ጥቅምት 12

ጥጥ የገባበት ቁራጭ ላይ ሞከርኳት። አራት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ብላ ቆመች። ገጿ ላይ ጽሑፍ መጣ። ሻህሎ ሥራ ላይ ስለነበረች ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። "በጣም ወፍራም ነው ትላለች፣ ኦዪ። ስለኛ ሳይሆን ስለ ጨርቁ ነው" ብላ መለሰች።

ቀጥ ብዬ ራህማቲላ ዘንድ።

"ኢንሻአላህ ነው ያልኩሽ" አለኝ።

ብሩንማንን አስሞከረኝ። ወፍራሙን ትወጋዋለች፣ ነገር ግን ጥጡን ወደፊት እየገፋች ጫፍ ላይ ትከምረዋለች፤ አንድ በኩል ትራስ፣ አንድ በኩል አንሶላ። ደግሞም በእግር ናት። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ እየተቀባበሉ መከሩኝ፣ አንዷ "እጅሽን አላልተሽ ያዢ"፣ አንዷ "አጥብቀሽ ያዢ"።

በመጨረሻ ራህማቲላ ላቡን ጠርጎ፣ "ቆይ፣ ቤትሽ ምን ነበረሽ?" አለኝ።

"የእናቴ ጥቁር። በእጅ የምትዞር።"

"ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነችው? እሷ ካለችሽ እኔ ሱቅ ምን ታደርጊያለሽ? ለጥጥ እንደሷ ያለ አልተሠራም፣ አይሠራምም!" ካለ በኋላ ያለውን ራሱ ሰማና ፊቱ ጠቆረ። "ብሩንማንም በእርግጥ…" ብሎ ጀመረ።

አንድ ፓኮ ወፍራም መርፌ ገዝቼ ወጣሁ።

ጥቅምት 20

ጥጥ መቱ። ስምንት ሴት በአርጩሜ፣ ግቢው በረዶ የጣለበት መሰለ። እኔ ሻይ።

ዙምራድ ሆሺዳን ዞራ ዞራ አየቻት። "መቶ ዘጠና ሰባት! ሰው በዕድሜው ስንት ዓይነት ስፌት ነው የሚሰፋው? ሁለት ነው። የሚታይና የማይታይ" አለች። ቀናች። ደስ አለኝ፣ ደስ በማለቴም አፈርኩ፣ ከዚያ እንደገና ደስ አለኝ።

ጥቅምት 26

ይህንን ቀን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

የጫጉላው ብርድ ልብስ የሚሰፋበት ቀን ነው። አሥራ አራት ሴት። ቀይ ሐር ከላይ፣ ነጭ ሳቲን ከታች፣ መሐሉ ባዘቶ። ባዘቶውን ራሴ ነበርኩ የነደፍኩት፤ መንደፍ ይፈቀዳል።

ለቀናት የተለማመድኩትን ንግግሬን ተናገርኩ። "ዘመኑ የመኪና ነው። በሆሺዳ እንስፋው። ዙምራድ ኦፓ ቁልፉን ትጫን። ጣቱ የሷ፣ ክሩ የገበያ፣ ጉልበቱ የመብራት ነው። እኔ ጨርቁ እንዳይወድቅ ብቻ ጫፉን እደግፋለሁ።" ባዘቶውን ደግሞ ጠፍጥፌ ጠፍጥፌ አሳስቼዋለሁ፣ ጢጥ እንዳትል።

እርስ በርስ ተያዩ። መቶ ዘጠና ሰባቱን ለማየት ጓጉተው ስለነበር "እስቲ ይሁን" አሉ። ነጩን ወገን ወደ ላይ አድርገን አስገባን። ዙምራድ ቢስሚላህ ብላ ጫነች። እኔም እጄን ጨርቁ ላይ አኖርኩ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሙሽራ ጨርቅ በሰው ፊት ነካሁ። 

ሰማንያ አራት ላይ ትቻት ነበር ለካ። በነጩ ሳቲን ላይ ዳክዬ ሠራች። ሁለተኛውን ጀመረች፣ ግማሽ ላይ ስትደርስ ጢጥ ጢጥ ብላ ቆመች።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። የጋጋሪው ሚስት እንባዋን እየጠረገች፣ "ግድ የለም፣ ዳክዬ ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖረው፣ ለሙሽራ ጥሩ ነው!" አለች።

"አንዱ ግን ግማሽ ነው" አለች አንዷ።

ሳቁ ቀጥ አለ። አንድ ሙሉ፣ አንድ ጎዶሎ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው፣ እንዳላዩኝ ደግሞ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ሻህሎ ከበሩ ሥር፣ "ግማሹ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ነው፤ ዓሣ ሊይዝ" አለች። ልጄ ናት። ጥቂቶች ሳቁ።

ከዚያ ዙምራድ የእጅ መርፌ ወሰደችና ሰፋችው። ከአንዱ ጥግ ጀምራ ሌላው ጥግ ሳትደርስ መንገድ ሳተች። "ቤቴ ወስጄ ልጨርሰው" ስትል ሴቶቹ፣ "የሮቢያ ቤት ሰፊ ነው፣ እዚሁ ጨርሺው" ብለው ያዟት። ሁሉንም ሰፋችው። "እጅሽ ይባረክ" አሏት። እኔ ሻይ ቀዳሁ።

ጥቅምት 28

ዙምራድ በጓሮ መጣች። ባዶ እጇን፤ ጥቅሉ እኔው ቤት ነው ያለው።

"ታስተካክይዋለሽ መቼም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አልችልም።"

"እንዴ! የሌላውን ሁሉ ስታስተካክይ…"

"ይሄ የልጄ ነው።"

እንዲህ ብዬ መለስኩላት። ካወጣሁት በኋላ ነው ራሴን የሰማሁት። ከሄደች ጀምሮ አንድ ሒሳብ ይዞኛል። እጄ ለልጄ መጥፎ ከሆነ ለሌላው ልጅስ? ሃያ ስድስት ብርድ ልብስ አስተካክያለሁ። አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ናፊሳ ሦስት ልጅ ወልዳለች። ካሚላ መንታ። የቀይ በሩ ቤት ልጅ ፈታች፤ ግን አማቷን ያየ ሁሉ እንደምትፈታ ከሠርጉ በፊት ያውቅ ነበር። ሁለቱ ታሽከንት ገብተው ወፍረዋል። የማስቱራ ምራት ሙኒራ ሁለት ወንድ ልጅ። የአንዷ ባል ቁማር ይጫወታል፤ ከማግባቱም በፊት ይጫወት ነበር።

ወይ እጄ ምንም የለበትም፣ ወይ ሃያ ስድስት ቤት ላይ ግፍ ሠርቻለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ መርፌውን አንስቼ ከብርድ ልብሱ አጠገብ ተቀመጥኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ፈራሁ። ልጄን በጣም እወዳታለሁ፣ ፈራሁ።

ኅዳር 2

ሻህሎ የዙምራድን ስፌት በጣቷ እየተከተለች፣ "ይሄ መንገድ ስቶ ወደ አንዲጃን ከተማ ነው የሚሄደው?" አለችኝ።

"አላህ ያውቃል።"

"ኦዪ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ በጓሮ በር የሚገባውን ጥቅል አያለሁ። የማላውቅ መሰለሽ?"

"ማስተካከል ነው" አልኳት።

"እኔንም አስተካክይልኛ። ከሰው ቤት ሄጄ የምተኛው ባንቺ ስፌት ሥር ነው የምፈልገው።"

"አንድ ነገር ብትሆኚስ?"

"አንድ ነገርማ እሆናለሁ። ሰው ነኝ" አለችና ሥራ ሄደች። የዘመኑ ልጆች እናታቸውን አስለቅሰው በሰዓቱ ሥራ ይገባሉ።

ኅዳር 5

ሙሽራዋ ይዛው የምትሄደው ጥሎሽ የሚታይበት ቀን ነበር። ጽሑፌ ዛሬ የዙምራድን ስፌት መስሏል።

አርባው ኩርፓቻ እስከ ጣሪያ፣ ማቀዝቀዣው ከነሪባኑ፣ ሆሺዳ ላስቲኳን መልሳ ለብሳ። የጫጉላውን ብርድ ልብስ ከሥር ልቀብረው ብዬ ነበር፣ የወጉ ቦታ ከላይ ነው ብለው አወጡት። ክፍሉ በሴት ሞልቷል። ማስቱራ መነጽሯን አድርጋ ገባች።

"መቶ ዘጠና ሰባት ዓይነት ስፌት አላት" አልኳት ወደ ሆሺዳ እያሳየሁ።

"መልካም" አለች፤ ሳታያት አለፈች። ብርድ ልብሱን አወረደች። ገለበጠችው። ዳክዬውን አየች፣ ምንም አላለችም። ስፌቱን ከጥግ እስከ ጥግ በጥፍሯ ተከተለችና መነጽሯን አወለቀች።

"ይህን ማን ሰፋው?"

"ዙምራድ ኦፓ ናት!" አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። "ቤቷ የሞላላት ናት።"

"የሙኒራንስ ብርድ ልብስ የሰፋው ማነው?"

"እሷው ናት!"

ማስቱራ ወደ ዙምራድ ዞረች። "የሙኒራ ብርድ ልብስ ስድስት ዓመት ታጠበ፣ ተረገጠ፣ ልጅ ሸናበት፤ አንዲት ክር አልላላችም። ሁለተኛ ልጄን ከዚህ ሰፈር የዳርኩት ያን ስፌት እያየሁ ነው። ለታላቁ እንደዚያ ሰፍተሽ ለታናሹ ይሄን? ምን በደልንሽ? ልጄ ላይ ምን ተመኝተሽ ነው አጣመሽ የሰፋሽው?"

አንቺ ማለቷን ሁሉም ሰማ።  የሙሽራን ብርድ ልብስ አውቆ ማጣመም ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ ድግምት የሚለው ቃል ግን በሠርግ ቤት አይጠራም። ዙምራድ ቀላች፣ ነጣች። ወይ ክፉ ናት ወይ መስፋት የማትችል። አምስቱም ልጆቿ፣ ባሏም፣ ጥርሷም ሊያድኗት አልቻሉም።

"ወላሂ አላጣመምኩትም!" ብላ ጮኸች። "እኔ ስሰፋ እንዲህ ነው! ሁልጊዜም እንዲህ ነው!"

"የሙኒራስ?"

ዙምራድ አየችኝ። በዓይኔ ለመንኳት፣ እንዳትናገር። ትናገር ወይስ አትናገር ብዬ እንደለመንኩ አሁን ሳስበው እርግጠኛ አይደለሁም።

"ሮቢያ ናት" አለች። "የሙኒራንም፣ የናፊሳንም፣ የካሚላንም። የሁሉንም። አሥራ አንድ ዓመት በጓሮ በር ሳመላልስ ኖርኩ።"

ሻይ ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ነበር። መሬት አስቀምጬ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እያንዳንዷ ሴት የራሷን ልጅ ቤት በሐሳቧ እየዞረች እንደሆነ ከፊቷ ይነበባል። የካሚላ እናት ቀድማ፣ "መንታ ነው የወለደችበት" አለች ለራሷ ያህል። የናፊሳ እናት "የእኔዋም ሦስት" አለች። የጋጋሪው ሚስት፣ "እኔ እኮ ሁልጊዜ እል ነበር" አለች፤ ምን ትል እንደነበር ማንም አልጠየቃትም። የቀይ በሩ ቤት እናት ብቻ አፏን ከፈተች፣ ሁሉም የልጇን አማት አስታውሰው ስላዩዋት መልሳ ዘጋችው።

ማስቱራ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብሱን ዘርግታ፣ ነጥብ የምትሰጥ መስላ አሰበች።

"ሙኒራ ሁለት ወንድ ልጅ አላት" አለች። "ልጄ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ያ ከዚህች እጅ የመጣ ከሆነ ሌላ እጅ አልፈልግም።" ከዚያ ለእኔ፣ "ሠርጉ አርብ ነው፣ ሮቢያ ኦፓ። ለምን ተቀምጠዋል?"

 ሻህሎ ጥግ ላይ ካለችው ጥቁር መኪና ላይ ሻርፑን ገፍፋ ይዛት መጣች፣ በዚያ ሁሉ ሴት መሐል፣ ከሆሺዳ ፊት ለፊት አስቀመጠቻትና መቀሱን እጄ ላይ አኖረችልኝ።

ኅዳር 7

የፊተኛውን በር ከፍቼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢው መሐል ሰፋሁት። ሻህሎ ጨርቁን ያዘች፣ እኔ አዞርኩ። መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ አየ። 

ዳክዬዎቹን አልተረተርኳቸውም። የጎደለውን ግማሽ በእጅ መርፌ ሞላሁት። ከመኪናው ዳክዬ ትንሽ ወፍራም ነው።

ኅዳር 12

ሠርጉ አለፈ። ሆሺዳ ከነላስቲኳ ሄደች፤ ማስቱራ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣታለች አሉ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። "ብርድ ልብሱ ይሞቃል፣ ኦዪ። ደህና ነኝ። ዛፋርም ደህና ነው። አሁን ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" አለችኝ። ነገ ሁለቴ ብቻ ነው የምደውለው።

ኅዳር 16

ዙምራድ ከአሥር ቀን በላይ ሳትመጣ ቀርታ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ መጣች። በፊተኛው በር፣ ጥቅሉን በጉያዋ ሳይሆን በሁለት እጇ ተሸክማ፣ ከኋላዋ የሙሽራዋ እናት።

"ይስተካከል?" አልኳት።

"ምን ይስተካከላል" አለች ቆጣ ብላ። "ገና አልተሰፋም። ስፊው።"

ተቀበልኳት። ሻይ እሷ ቀዳች።